ሞዴል የሌለው ቃሬዛ

ሲወርዱ ረጃጅሞቹ ከፊት፣ ሲወጡ ረጃጅሞቹ ከኋላ። የቃሬዛ ሕግ ይኸው ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ሥልጠና ተሰጥቶበት አበል ተከፍሎበትም አያውቅ። እኔ የተማርኩት ባለፈው ጥር ለክርስትና ወደ ትውልድ ቀበሌዬ በወረድኩበት ሰሞን፣ የአጎቴን ምራት ምጥ በያዛት ሌሊት ነው።

ቀበሌያችን በጎንደር ስማዳ፣ ከወገዳ ቁልቁል ወደ ቆላው ነው። ስማዳን የሚያውቅ ሰው አገሩ እንዴት እንደሆነ ያውቃል፤ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ሲያዩት እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል፣ ሲሄዱበት ግን ጉልበት ይከዳል። መኪና የሚባል ነገር እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ስለዚህ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ በመካከሉ ጠፍር፣ በጠፍሩ ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ «ማርያም ማርያም» የምትል ልጅ።

አሥር ወንዶች ነበርን። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ከጎን ይሄዳሉ፣ አጎቴ ከፊት ይመራል። አሥረኛው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ሰው ትከሻዬን ሰጥቼ ነበር፤ ገና መቶ እርምጃ ሳንሄድ የከተማ ጫማዬ ድንጋይ ላይ ሲያንሸራትተኝ አጎቴ ዞሮ አየኝና «አንተ የባሕር ዳር ሰው፣ ልጅቷን ገደል ሳትጨምርብን ባትሪውን ያዝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የሥራ መደቤ ባትሪ ማብራት ሆነ። አልተከፋሁም፤ እድገት ነው የመሰለኝ።

አጎቴ በየተወሰነ እርምጃው «ትከሻ!» ይላል። አንዲት ቃል ናት። ተሸካሚዎቹ እንደሄዱ፣ ሳይቆሙ፣ ቃሬዛዋ እንደ ውኃ ላይ ቅል እንኳ ሳትናጥ፣ ከጎን የነበሩት አራቱ ገብተው አራቱ ይወጣሉ። «ተራው የማን ነው?» ያለ ሰው አልሰማሁም። አንደኛው ጎረምሳ ደክሞት አጠገቡ ያለው ቀድሞ ሲገባለት አይቻለሁ፤ ያኛውም አላመሰገነ፣ ይኼኛውም አልጠበቀ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ተነሥተን ስድስት ሰዓት ላይ የጤና ጣቢያው በር ላይ ደረስን።

የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጋይንትም በሉት፣ እስቴም በሉት፣ ስማዳም በሉት፤ ሁሉም ጋ ዘመድ ስላለኝ አልናገርም።

የእናቶች ሞት የሚያጠኑ ሰዎች ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ። ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ጽሑፍ ነው፣ ዛሬ በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንደኛው፣ እቤት ሆኖ «እንሂድ ወይስ እንቆይ» እያሉ መዘግየት። ሁለተኛው፣ መንገድ ላይ መዘግየት። ሦስተኛው፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን አገልግሎት እስኪያገኙ መዘግየት። የእኛ ሰዎች የመጀመሪያውን በአንድ ቃል ጨረሱት፤ አማቷ «ተነሡ» አለች፣ ተነሣን። ሁለተኛውን ትከሻ ጨረሰው። ሦስተኛው ከበሩ እስከ ማዋለጃ ክፍል ባለችው ስድሳ እርምጃ ውስጥ አድፍጦ ይጠብቀን ነበር። ስድሳ መሆኗን እየተመላለስኩ ቆጥሬያለሁ፤ ሌላ የምሠራው ሥራ አልነበረኝማ።

በሩን የከፈተልን ዘበኛው ነው። ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ፣ አንድ ጊዜ ቃሬዛዋን አየና ምንም ሳይጠይቅ ወደ ውስጥ ሮጠ። ወዲያው ተረኛው አዋላጅ ወጣ። ወንድ ነው፤ ዕድሜው ከሃያ አምስት አይዘልም። የአገሬው ሰው «ወንዱ ሲስተር» ይለዋል፤ እሱም ለምዶት «አቤት» ይላል። ባለሙያ ነው፣ ይህንን ከአሁኑ ልመስክርለት። ያቺን እንደ ጥሩንባ ያለች መስሚያ ሆዷ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ አሥራችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። «የልጁ ልብ ደኅና ነው» ሲል አንድ ላይ ተነፈስን።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የደም ግፊት መለኪያው ተመላላሽ ክፍል ነው። ተመላላሽ ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ነርሷ ጋ ነው። ነርሷ ተረኛ ናት፣ ግን የተመላላሽ ተረኛ እንጂ የማዋለጃ ተረኛ አይደለችም። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚወጋው ኦክሲቶሲን ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ፍሪጅ ያለው ክትባት ክፍል ነው። የክትባቱ ፎካል፣ ማለትም የክፍሉ ተጠሪ፣ «ፍሪጁ የክትባት ነው፣ የማዋለጃ አይደለም» ብሎ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ተከራክሮ ስለነበር፣ መድኃኒቱ ፍሪጁ ውስጥ ያደረው እንደ ስደተኛ ነው። ቁልፉም ከፎካሉ ጋር ቤቱ ሄዷል። የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው የሚያድረው።

እነዚህ ሁሉ ቁልፎች የት እንደሚያድሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። ዘበኛው። ማን መቼ እንደተኛ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ ማን በመጀመሪያው ጥሪ እንደሚነሣና ማንን በመስኮት በኩል መጥራት እንደሚሻል ሁሉ ያውቃል። «ጋሼ፣ ባትሪህን» አለኝ። ሰጠሁት። ያቺ ባትሪ በዚያ ሌሊት ጤና ጣቢያውን ሦስት ጊዜ ዞረች። በኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን መዋቅር ኋላ ላይ ቀርቤ አየሁት፤ ከኃላፊው ጀምሮ በቀስት በቀስት እየወረደ ሁሉም ባለሙያ ሣጥን ተሰጥቶታል። ዘበኛው ሣጥን የለውም።

ከመዋቅሩ ጎን ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሥዕል አለ። ሸረሪት፣ ድር፣ በድሩ የታሰረ፣ ይልቁንም የተኛ የሚመስል አንበሳ። የሸረሪቷን እግር ቆጠርኩ፤ ስድስት ነው። የቀሩትን ሁለቱን ሌላ ባለሙያ ይሥላቸዋል ተብሎ የታለፈ ይመስለኛል።

ነገሩን በሀብት እጥረት የማላክክ እንዳይመስል አንድ ነገር ልበል። እጥረቱ አለ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲደርስ በዚያ አገር ጤና ተቋማት እንዴት እንደተዘረፉ ያየ ሰው በዚያ ላይ አይቀልድም፤ እኔም አልቀልድም። በዚያ ሌሊት ግን መለኪያው ነበር። መድኃኒቱም ነበር። ሰውም ነበር። የጠፋው «ትከሻ!» የሚል ሰው ነው።

ጤና መኮንኑ መጣ፣ እንቅልፉን እያሻሸ። እሱና አዋላጁ ለካ አይነጋገሩም። ምክንያቱን ዘበኛው በጆሮዬ ነገረኝ፤ የዱቲ ክፍያ ላይ ተጣልተዋል። አዋላጁ የሌሊት ሰዓቱ ተቆረጠብኝ ይላል፣ ጤና መኮንኑ ደግሞ ፈራሚው እሱ ስለነበር ጥርሱን ነክሶበታል። ስለዚህ ምጥ የያዛት ልጅ አጠገብ ቆመው በዘበኛው በኩል ይነጋገሩ ጀመር።

«ምጡ ቀስ ብሏል፣ ሪፈር ይሻላል በለው።»

«በለው ይላል።»

«ገና ነው፣ አንድ ሰዓት እንያት በለው።»

«እንያት ይላል።»

ዘበኛው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሐል ላይ ቆሞ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያል። የተባበሩት መንግሥታት አስተርጓሚ እንዲህ አይለፋም። አማቷ ግን ቢቸግራት «እናንተ ልጆች፣ የምታወሩትን ለኔ ንገሩኝ፣ እኔ ለሁለታችሁም እነግራለሁ» አለች።

ሪፈር ቢባልስ? አንቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ሾፌሩም አለ። ነዳጅ የሚያወጣው ፊርማ ግን የኃላፊው ነው። ኃላፊው የት ነው? ባሕር ዳር፣ ሥልጠና ላይ። የምን ሥልጠና? «ቅንጅታዊ አሠራር»። ይህን ዘበኛው ሲናገር እንዳሾፈ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ አላሾፈም። («ቅንጅት» የምትባለው ቃል መከረኛ ናት፤ በ1997 ዓ.ም. ፓርቲ ሆና ብዙ አየች፣ አሁን ደግሞ የአምስት ቀን ሥልጠና ሆናለች።)

ነገሩ የሚያስቀኝ በአገሩ ምክንያት ነው። በዓለም ላይ ጤና ባለሙያ በቡድን ይሥራ የሚለው ሐሳብ ከሩቅ መጥቶ የወደቀብን አይደለም፤ ጎንደር ላይ የተሞከረ ነው። ወባ ደምቢያን ከፈጀች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ ያሠለጠነው ለዚሁ ነው፤ አንድ ላይ ተምረው አንድ ላይ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወርዱ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ተመራቂ ሊሆኑ የደረሱ የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን ቀላቅሎ ወረዳ የሚያወጣበት ፕሮግራም አለው፤ ተማሪዎቹ «ቲቲፒ» ይሉታል። ጤና መኮንኑ ኋላ እንዳጫወተኝ እሱም ወጥቷል። «ከአዋላጆችና ከላብራቶሪ ልጆች ጋር አንድ ቤት ነበርን፤ ሽሮ በተራ እንሠራለን፣ በሽተኛም አብረን እናያለን» አለኝ። ዓይኑ ራቅ አለ፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛውን የሚያስታውስ መሰለኝ። ከዚያስ? «ከዚያማ ተቀጠርን።»

ሌላም አለ። ካትሪንና ሬጅ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነበር፤ ምጥ ጠንቶባቸው የፊስቱላ ጉዳት የደረሰባቸውን ሴቶች አይተው እዚያው ቀሩ። ከታካሚዎቻቸው አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናት። ከገጠር መጥታ ታከመች፣ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ ከዚያ መሣሪያ ማቀበል፣ ከዚያ ራሷ መስፋት። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ከውጭ ለመጡ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን እስከ ማሳየት ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሃምሊኖቹ ሜዳሊያ ሲሰጥ ለእሷም ሰጠ። እንግዲህ መሣሪያ ማቀበል የጀመረች ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ «መቀስ ማቀበል የእሷ የሥራ ዝርዝር አይደለም» ብሎ ቢሆን ኖሮ አስቡት። የእኛው የክትባት ፎካል በቦታው ባለመኖሩ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ወደ ማዋለጃው ልመለስ። እነሱ በዘበኛው በኩል ሲከራከሩ ልጅቷ ስብሰባው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ የሚያርድ ጩኸት ተሰማ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥን ያለ፣ አዲስ ድምፅ። ወዲያው የሴቶቹ እልልታ። ከዚያ በፊት ያልተነጋገሩት ሁለቱ ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ «መርፌው!» ሲሉ ሰማሁ፤ ኦክሲቶሲኑን በጓንት የያዘች እጅ አቀበለቻቸው፣ የነርሷ ነበረች። የተመላላሽ ተረኛዋ። ማንም አልጠራትም፣ ጩኸቱን ሰምታ ነው የመጣችው። ለሦስት ደቂቃ ያህል፣ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ፣ አራት እጅ ስድስት እጅ ሆኖ ሲሠራ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ከቃሬዛው አይተናነስም ነበር። ከዚያ ልጁ ተጠቀለለ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተባለ፣ ሁሉም ወደየሣጥኑ ተመለሰ።

ቀጥሎ የወረቀቱ ጊዜ መጣ። ፓርቶግራፍ የሚባል አንድ ወረቀት አለ፤ ምጥ እየገፋ ሲሄድ በላዩ ላይ ነጥብ እየተደረገ የሚሄድበት። የልጁ ልብ በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማሕፀኑ በር መከፈት በየአራት ሰዓቱ ይመዘገባል። አንድ የማስጠንቀቂያ መስመር አለ፣ ከእሱ በስተቀኝ በአራት ሰዓት ርቀት ደግሞ የእርምጃ መስመር። ነጥቦቹ ወደዚያ ካጋደሉ ሁሉም ባለሙያ ያለ ክርክር መሰባሰብ አለበት። የቡድን ሥራ በአንድ ገጽ ላይ ማለት ይኼ ነው፤ አንዱ ያየውን ሌላው ሳይጠይቅ እንዲያየው ተብሎ የተሠራ። ወንዱ ሲስተር ወረቀቱን ያወጣው ልጁ ጡት ከያዘ በኋላ ነው። ቁጭ አለና ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ። መስመሯ የማስጠንቀቂያውን መስመር ሳትነካ በማስመሪያ የተሰመረች ሆና ወጣች። ሥዕሉ አማረ። የሸረሪቷን እግርም ለእሱ መስጠት ነበረባቸው።

«ይኼ እኮ በምጡ ጊዜ አልነበረም የሚሞላው?» አልኩት።

«ጋሼ» አለኝ ቀና ብሎ፣ «ብቻዬን ነበርኩ። በየትኛው እጄ ልጻፍ?»

መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ግን በትከሻው ላይ አጎንብሶ ወረቀቱን ሲመረምር ቆይቶ «ይኼስ የእኛ አቀበት ነው» አለ። «እዚህ ጋ እኮ አረፍ ብለን ነበር።» በጣቱ አሳየን።

ሒሳቡን ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ተደክሟል፣ መካድ አይገባም። የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት ዞረው የሠሩት ሥራ ቀላል አይደለም። በ1997ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወሊድ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የነበረው ስድስት ነበር። በ2008 በጤና ተቋም የሚወለደው ከመቶ 26 ሆነ፣ በ2011 ደግሞ 48። እናቶቹ መጥተዋል ማለት ነው፤ የእኛው ድርሻ ቁልፉን ማግኘት ነው። ያው በ2008ቱ ጥናት ከመቶ ሺህ በሕይወት ከተወለዱ ልጆች አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። ሪፖርት የሚወድ አገር ስለሆንን ደግሞ «ከቤት ወሊድ ነፃ ቀበሌ» የሚል ማዕረግ አለን፤ ሰንደቅ ተሰቅሎ፣ ንግግር ተደርጎ ይታወጃል። አጎቴ አንድ ጊዜ የሱ ቀበሌ ሲታወጅ ተነሥቶ «መንገድ ላይ፣ ቃሬዛ ላይ የወለደችውስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር አሉ። ቤትም አይደለም፣ ተቋምም አይደለም፣ ቅጹ ላይም ሣጥን የለውም። «ነፃ ናት» ተባለና ተጨበጨበ።

ሲነጋ ገንፎ መጣ። ጤና ጣቢያዎቻችን ይህን ማድረጋቸው ደግ ነገር ነው፤ እናቲቱ እንደ ቤቷ እንድትወልድ ቡናም ይፈላል፣ ገንፎም ይገነፋል። ያን ዕለት የተገነፋው ገንፎ እንደ ጉና ቁጭ ብሎ፣ አናቱ ላይ ቅቤና በርበሬ እንደ ሐይቅ ተኝቶበት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በዘበኛ የተፈለጉት ሁሉ ማንም ሳይጠራቸው ከች አሉ። ፎካሉ መጣ። የካርድ ክፍሏ መጣች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ድረስ ሽታው ደርሷት። ሾፌሩ መጣ። እዚያ ላይ ያየሁትን ቅንጅት ኃላፊው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የሚያገኘው አይመስለኝም። እያንዳንዱ በየፊቱ ይቆርሳል፣ ወደ ቅቤው በልክ ይጠጋል፣ አንዱ ግድቡን አፍርሶ ቅቤውን ወደራሱ አያፈስም፤ ፎካሉ እንኳ «ይኼ የማዋለጃ ገንፎ ነው» አላለም። ጤና መኮንኑ አንዷን ጉርሻ ቅቤ አስነክቶ ወደ አዋላጁ ዘረጋ። ወንዱ ሲስተር ትንሽ ተግደረደረና ጎረሰ። ዘበኛው ከእንግዲህ አስተርጓሚ እንደማያስፈልግ አይቶ እጁን ታጠበና ተቀመጠ።

በዚህ መሐል አጎቴ ከደጅ ገባ። «ቃሬዛችን የታለ?» አለ።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ በማዋለጃው ደጃፍ ባለቤት የሌለው ንብረት አግኝቶ፣ «አጣና ከነጠፍሩ፣ ብዛት 1» ብሎ በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ መጋዘን ቆልፎበታል። አጎቴ በትሕትና አስረዳ፤ ቃሬዛው የቀበሌው ነው፣ እታች ደግሞ ስምንት ወር ያለፋት ሌላ ሴት አለች፣ ዛሬ ይዘነው መውረድ አለብን።

«ልክ ነህ፣ አባቴ» አለው ዕቃ ግምጃ ቤቱ። «ግን አንዴ ገቢ ሆኗል። ወጪ ለማድረግ ሞዴል 22 ያስፈልጋል። የሚፈርመው ኃላፊው ነው።»

ኃላፊው የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ጎረምሶቹ ተያዩ። ዘበኛው ገንፎውን ትቶ ተነሣ፣ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ጠንከር ያሉ ሁለት አጣናዎች መርጦ ነቀለ። «ይኼን ማንም አልቆጠረውም» አለ። አንዱ ገመድ ፈታ፣ አንዱ ጋቢውን አነጠፈ፣ አንዱ አሠረ፤ ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ አዲስ ቃሬዛ ቆመ። አጎቴ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ፈተሸው፣ ቁልቁለት ስለሆነ ረጃጅሞቹን ወደ ፊት አደረገ።

እኔ የሥራ መደቤ ትዝ አለኝና ባትሪዬን ለመቀበል ወደ ዘበኛው ዞርኩ። ካፖርቱን ዳሰሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መጋዘኑ ተመለከተ።

«እሷንም ገቢ አድርጓታል፣ ጋሼ።»